አባቴ በሠርጌ ቀን የለበሰው ቀይ ኮት

አባቴ በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ከቤተ መንግሥቱ አጃቢ ፈረሰኞች አንዱ ነበር። የበዓል ልብሱ ደረቱ ላይ ወርቃማ ገመድ የተጠለፈበት ቀይ ኮትና የአንበሳ ጎፈር ያለበት ቆብ ነው። ደርግ ሲመጣ ከሥራው ተሰናብቶ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ካፋ፣ ቦንጋ ሲመለስ ይዞት መጣ። እንዴት እንዳወጣው ነግሮን አያውቅም። በደርግ ዘመን ሁሉ ልብሱ ከሣጥን አልወጣም።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ እኔ ላገባ ሆነ። ቦንጋ ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ። የእጮኛዬ ቤተሰቦች ከመሀል አገር የመጡ የጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው። ሁለቱ ወገኖች እኛ ቤት ተቀምጠው ስለ ድንኳኑ ሲነጋገሩ አባቴ ድንገት፣ «እኔ ሴት ልጄን የምድረው የክብር ልብሴን ለብሼ ነው» አለ።

የእጮኛዬ አጎት ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ቅር አይበልዎትና ይሄ ልብስ የኛ አይደለም። ከእንግሊዝ የተቀዳ ነው። ደግሞ ሰዉ የድሮ ሥርዓት ናፋቂ ይለናል።»

ከካፋ ገጠር፣ ከደካ የመጣው የእናቴ ወንድም ጣልቃ ገባ። «ኮቱን ተወው። ጎፈሩስ? እሱ የካፋ ጀግና ምልክት ነው!»

«በየአገሩ ጀግና ጎፈር ያደርጋል እኮ።»

«ከኛ አይተው ነዋ!»

ነገሩ እየከረረ ሲሄድ አንድ ሽማግሌ ወደ አባቴ ዞረው፣ «እስቲ አንተ ንገረን፣ የማን ነው?» አሉት።

«የለካኝ ልብስ ሰፊ ፈረንጅ ነበር» አለ አባቴ። «ጎፈሩን ከየት እንዳመጡት አልጠየቅኩም። በየማለዳው ያበጠርኩት ግን እኔ ነኝ።»

ሙሽራ በዚህ ዓይነት ጉባኤ አትናገርም። እኔ ግን ከጓዳ ወጣሁና፣ «ሠርጉ የኔ ነው፤ አባዬ ይለብሰዋል። ክርክሩን ድንኳን ውስጥ ትጨርሱታላችሁ» አልኩ። እናቴ ከንፈሯን ነከሰች። የእጮኛዬ አጎት ግን ሳቀ። «ይቺ ልጅ እኛንም ልትገዛን ነው!»

ኮቱ ሲሞከር አልቆለፍ አለ፤ አባቴ ወፍሯል። ጎኑን ስተረትረው ስፌቱ ውስጥ ሁለት ጣት የሚያህል ትርፍ ጨርቅ አገኘሁ። ልብስ ሰፊው ወታደር እንደሚወፍር ያውቅ ነበር ማለት ነው። ለቀቅ አድርጌ በእጄ መልሼ ሰፋሁት።

በሠርጉ ቀን ዝናቡ እንደ ቦንጋ ዝናብ ሳያባራ ወረደ። አባቴ ጎፈሩ ርሶ ፊቱ ላይ እየወደቀ፣ ደረቱን ነፍቶ እጄን ይዞ ወደ ድንኳኑ አስገባኝ። ሁለቱ አጎቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው እስከ ማታ ተከራከሩ። ነጋዴው በመሀል የአባቴን እጅጌ ዳበስ አድርጎ፣ «ጨርቁስ ጨርቅ ነው!» ሲል ሰምቼዋለሁ።

ከዓመታት በኋላ አንድ ወጣት የባህል ቢሮ ሠራተኛ አባቴ ቤት መጣ። «አባባ፣ የካፋ የጦር ልብስዎን ለብሰው በባህል በዓላችን ሰልፍ ፊት ይሂዱልን» አለው።

«ልጄ፣ ይሄ የቤተ መንግሥት ልብስ ነው። የካፋ ነው ብዬ አላሳስትህም። እኔን ከፈለጋችሁ ግን እመጣለሁ።»

የደካው አጎቴ ይህን ሲሰማ «ራሳቸው የካፋ ነው ብለው እጃችን ያስገቡትን አሳልፎ ሰጠ!» ብሎ ተቆጣ። አባቴ ምንም አልመሰለውም። በሰልፉ ቀን ጋቢውን ደርቦ ከፊት ከፊት ሄደ። ከጎኑ ልሄድ ሞክሬ የድሮ የሰልፍ እርምጃውን መከተል አቃተኝ።