የመሪጌታ ካባ ትራፊ እስከ አንበሳሜ

ንጋት 12 ሰዓት፣ ደብረ ታቦር

በነጠላ የጠቀለልሁትን ሥዕል ታቅፌ መናኸሪያ ደረስሁ። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ሚኒባሱ እስኪሞላ ሻይ በቦንቦሊኖ ቀመስሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የካህናት ካባ ስሰፋ ነው ያረጀሁት። ልጄ ትርንጎ ደግሞ ከመቀሴ የተረፈውን ጥቁር የከፋይ ጨርቅ ወስዳ ሥዕል ትሥልበታለች። የምትሥለው በፊልም ያየችውን ነው፤ መንኮራኩር፣ ሮዝ ጨረቃ፣ ባለ ሦስት ዓይን ፍጥረት፣ ከላዩ ብርማ ብልጭልጭ። ፀጉር ቤቱም ጁስ ቤቱም ይሰቅለዋል። እኔም እያየሁት ወደድሁት።

ጣጣው የመጣው ከመሪጌታ ጥበቡ ካባ ነው። መሪጌታ አንበሳሜ ዜማ የሚያስተምሩ የልጅነት ወዳጄ ናቸው። የካባቸውን ትራፊ ለልጄ መስጠቴን ሰው ነገራቸው። «ከካባዬ በተረፈው ጋኔን አሣለበት» ብለው ተቀየሙኝ። ከጥምቀት ወዲህ ደብረ ታቦር ሲመጡ እንኳ ደጃችንን እያለፉ ይሄዳሉ። ሥዕሉን ራሱን ላሳያቸው፣ ከዚያ የፈለጉትን ይበሉኝ ብዬ ተነሣሁ።

2 ሰዓት ገደማ፣ ወደ ወረታ

መንገዱ ቁልቁል ይጠማዘዛል፤ እየወረድን ስንሄድ ብርዱ ለቀቀን። አንዱ ኩርባ ላይ ነጠላው ተንሸራተተና ሥዕሉ ታየ። ቀይ ምድር ላይ የቆመ ሰው ነው። ራሱ ላይ ክብ ብርጭቆ አጥልቋል፤ ብርጭቆው ዙሪያውን ያበራል። አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት አማትበው ተሳለሙት።

«የትኛው ጻድቅ ናቸው፣ ወንድሜ?»

«ጻድቅስ አይደሉም፣ እመይቴ። ምድርን ትተው ወደ ላይ የሄዱ ሰው ናቸው።»

«ታዲያ ጻድቅ ማለት ሌላ ምንድን ነው?»

ሾፌሩ በመስታወቱ አየን። «አባባ፣ ጻድቁ ወደ ፊት ይምጡ እንጂ። ገና ብዙ ኩርባ አለብን።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ይህን መሪጌታ ቢሰሙ ጉዴ ፈላ እያልሁ ነበር።

3 ሰዓት ተኩል፣ ሐሙሲት

የወረታን የሩዝ ማሳ አልፈን ሐሙሲት ላይ መኪና ቀየርሁ። አሮጊቷም የአንበሳሜ ሰው ኖረው አብረውኝ ተሳፈሩ። ለሥዕሉ ወንበር አስለቀቁለት። እኔ የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀመጥሁ።

5 ሰዓት፣ አንበሳሜ

መሪጌታ ግቢያቸው ውስጥ ጥድ ሥር ተቀምጠዋል። ሰላምታቸው አጭር ነው።

«ምን ይዘህ መጣህ?»

«የተቀየሙኝን።»

ፈታሁት። መነጽራቸውን አደረጉ። ሥዕሉን አራቁት፤ መልሰው አቀረቡት። ጣታቸው የሰውየው ግራ እጅ ላይ ቆመ።

«ይኼ መቋሚያ አይደለም?»

«ነው። ያን ያህል ርቆ ሄዶ ምን ይደገፋል ብዬ ልጄን ጠየቅኋት። ይኸን ሣለችለት።»

መቋሚያውን ከታች እስከ ላይ በጣታቸው ለኩት። እኔም ጥዱን አየሁ።

«አጥሯል» አሉ።

«ምኑ?»

«መቋሚያው ነዋ! ማኅሌት ቆሞ ቢያድርበት ወገቡ ይቆረጣል። እስከ ብብቱ ይድረስለት እንጂ።»

«ጋኔኑስ፣ መሪጌታ?»

«የቱ ጋኔን? ጋኔን መቋሚያ ይዞ አይተህ ታውቃለህ?»

ከዚያ ሽሮ ቀረበ፤ ጠላም ተቀዳ። መሪጌታ እስከ መኪናው ሸኙኝ። ሥዕሉን በመስኮት ሲያቀብሉኝ፣ «ለሳምንት ደብረ ታቦር ጉዳይ አለኝ። ተስተካክሎ እንደሆነ ገባ ብዬ አየዋለሁ» አሉ።

11 ሰዓት፣ ቤቴ

ትርንጎ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«አባዬ፣ ምን አሉ?»

«መቋሚያው አጥሯል አሉ።»

«ከፋይ የጠጣው ቀለም አይፋቅም እኮ።»

«ማን ፋቂ አለሽ? ወደ ላይ አስረዝሚው።»

ምሳ መብላቴን እንኳ ሳትጠይቅ ብሩሿን ፍለጋ ገባች። እኔም መሪጌታ ይቀመጡባት የነበረችውን ወንበር ከጓዳ አወጣሁ። ከጥምቀት ወዲህ ጨርቅ ስከምርባት ነበር። ጨርቁን አንሥቼ ወደ ቦታዋ መለስኋት።