ንኡስ ኅብስት

አባየ ሳንባቸውን ታመው ከከረሙበት ሆስፒታል በቅሎ ተቀምጠው ቤት የገቡት በጥር መጨረሻ ነው። ሕመሙ ለቀቃቸው፤ የመብላት ፍላጎታቸውም አብሮት ሄደ። ፍትፍት ሳቀርብላቸው አንድ ጊዜ ይጎርሱና "ተመስገን" ይላሉ። ተመስገን ማለታቸው ሳህኑን አንሽልኝ ማለታቸው ነበር።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱን የያዝሁት እኔ ነኝ። አባየ በጎንደር ካሉት አድባራት በአንዱ የዜማ መምህር ነበሩ፤ "የኔታ" የሚሉ ተማሪዎች ከግቢያችን አይጠፉም። ቤት በገቡ በሳምንታቸው ትልቁን ተማሪያቸውን አስጠርተው መቋሚያቸውን ሰጡት። ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ በማኅሌት የተደገፉት፣ መያዣው ከእጃቸው ብዛት የለሰለሰ መቋሚያ ነው።

"ፋሲካን የማይ አይመስለኝም፤ አንተ ቁምበት" አሉት።

ተማሪው አለቀሰ። እኔ አላለቀስሁም፤ ተናደድሁ። ሰው ቁጭ ብሎ እያወራ ዕቃውን ያወርሳል እንዴ? ሐኪሙ የነገረኝ ግልጽ ነው፤ መድኃኒቱ ሥራውን ጨርሷል፣ ከእንግዲህ የሚያድናቸው እህል ነው። ሁዳዴ ደግሞ እየቀረበ ነበር። አባየ ታምሜአለሁ ብለው ጾም የሚገድፉ ሰው እንዳልሆኑ አገር ያውቃል። ጾሙ ሳይገባ ትንሽ ጉልበት ካልያዙ፣ ያሉት ነገር እንዳይደርስ ፈራሁ።

ምን ላብስልልዎ፣ ምን ያምርዎታል እያልሁ ስጨቀጭቃቸው አንድ ቀን ጣራ ጣራውን እያዩ፣ "ያች ሲስተር የምታመጣት ንኡስ ኅብስት ሸጋ ነበረች" አሉ።

አባየ የወደዱትን ነገር በግእዝ ነበር የሚጠሩት። ንኡስ ኅብስት ያሏት ትንሿን ዳቦ ነው። ሆስፒታል ሳሉ ፈረንጇ አስታማሚ ከቤቷ እየጋገረች፣ በጡጫ ልክ የሆነች፣ አናቷ ያበጠ ለስላሳ ዳቦ ታመጣላቸው ነበር። አባየ ጥርሳቸው አልቋልና ያችን ሳያኝኩ ይውጧታል። እኔም በማግስቱ ነጠላየን አጣፍቼ ወደ ሲስተር ሄድሁ።

ሲስተር አማርኛዋን ከየት እንደለቀመችው አላውቅም፤ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነበር የምትል። አባየን እንኳ አንተ ስትላቸው እሳቸው በሳቅ ይፈርሱ ነበር። አሠራሩን እንዲህ ብላ ነገረችኝ፤ "ሁለት ስኒ ዱቄት ታደርጋለህ፣ አንድ ስኒ ወተት ታደርጋለህ። ግማሽ ስኒ ስኳር፣ ትንሽ ቅቤ፣ አንድ እንቁላል፣ ሁለት ማንኪያ ፓውደር። ብዙ አታማስልም።" ፓውደር የምትለውን ሊጥ የሚያስነሣ ነጭ ዱቄት በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። እኛ ቤት ትምህርት በቃል ነው፤ ከመምህር አፍ የወጣ ቃል አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም። እኔም እንደ ዳዊት እየደገምሁት ቁልቁለቱን ወረድሁ።

ከፒያሳ የፉርኖ ዱቄት ገዛሁ። ባዶ የሳልሳ ቆርቆሮዎች ለምኜ አጠብሁ። በትልቅ ብረት ድስት ውስጥ ደርድሬያቸው፣ ድፎ ዳቦ እንደሚደፋው ከሥርም ከክዳኑ ላይም ከሰል አደረግሁ። የመጀመሪያው ቀን ጥፋቴን ወዲያው አወቅሁት። ትንሽ ቅቤ ብትለኝ ከጓዳ ያለውን፣ ኮረሪማና ኮሰረት የገባበትን ንጥር ቅቤ ነበር የጨመርሁት። አባየ ገና ሳይቀምሱ አሽትተው፣ "ዶሮዋስ የት አለች?" አሉኝ።

ለጋ ቅቤ ፈልጌ እንደገና ሠራሁ። አሁን ደግሞ ሊጡ ከቆርቆሮው አፍ ገንፍሎ ወጣ፤ ክዳኑን ስከፍተው ዓይኔ እያየ ተመልሶ ሰመጠ። ቀመስሁት። ይመራል፣ ምላስ ይይዛል፣ የእንቁላል ሽታው ደግሞ አፍንጫ ይሰነጥቃል። በንዴት ስጮህ ጎረቤታችን እትየ ሰምተው ብቅ አሉና የነጩን ዱቄት ስም ጠየቁኝ። ነገርኋቸው።

"ምነው ልጄ፣ ፓውደር ፊት የሚቀቡት አይደል? ሊጡን ልትድሪው ነው?" አሉ። ያች ቀልድ በሰፈሩ ለብዙ ጊዜ ኖረች።

እሳቱ ነው ብየ ከሰሉን ቀነስሁ። ዱቄቱ ነው ብየ ሌላ ሱቅ ሄድሁ። እንቁላሉ ነው ብየ የገዛ ዶሮዎቼን ጠረጠርሁ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ የነነዌ ጾም መጣና ሌሎች ቀኖች በላብኝ። ሠርቼ ያበላሸሁትን ለተማሪዎቹ እሰጥ ነበር። ቁራሽ ለምኖ የሚያድር የቆሎ ተማሪ ምግብ አያማርጥም ይባላል፤ የእኔን ግን እያማረጠ መጣ። በኋላ በኋላ ድስት ስጥድ ሲያዩ በጓሮ በኩል ነበር የሚወጡት።

አባየ ግን ሁልጊዜ ይቀምሱልኛል። ከዳር ፍርፋሪ ቆንጥረው፣ ምላሳቸው ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ። ከዚያ "እንደገና" ይላሉ። ለተማሪዎቻቸው ዜማ ሲያርሙም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ አይቆጡም፣ አያብራሩም፣ እንደገና ብቻ ነው። ይህች ቃል ስንቱን ተማሪ ስታስለቅስ አይቻለሁ። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ቆርቆሮዎቹን ወደ ጓሮ ወርውሬ፣ "ከእንግዲህ እኔ በእጄ አልነካም፤ ገንፎ ይብሉ" አልኋቸው። እሳቸው ግን "ስንቱን ወረወርሽው?" ብለው ጠየቁኝ። ሁሉንም ስላቸው፣ "ለቅመሽ እጠቢያቸው" አሉ። አጥንታቸው በጋቢው ላይ ይታይ ነበር። ለቅሜ አጠብኋቸው።

ሁዳዴ ሰኞ ሊገባ ቅዳሜ ዕለት፣ ያልተሳካልኝን ዳቦ በመሶብ ይዤ ሲስተር ቤት ሄድሁ። የት እንደሳትሁ ቀምሳ ትንገረኝ ብየ ነው። ቆረሰች፣ አኘከች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ጥሩ ነው" አለች። አማርኛ ለመዋሸት ያህል እንደሚበቃት ያን ቀን አወቅሁ።

"ሲስተር፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ነገ ቅበላ ነው፣ ከነገ በኋላ አባቴ ወተትና እንቁላል አይቀምሱም" አልኋት። እንባየ መጣ መሰለኝ፣ ደንግጣ ወንበር ሳበችልኝ። "ተቀመጥ፣ ተቀመጥ። አንድ ስኒ ሻይ ትጠጣለህ" ብላ ወደ ማድቤት ገባች።

ይዛው የመጣችው አበባ የተሳለበት ትልቅ የቆርቆሮ ኩባያ ነበር። እስከ አፉ ሻይ ሞልታዋለች። በሁለት እጄ ተቀብየ ኩባያውን አየሁት፤ ከዚያ እሷን አየኋት።

"ሲስተር፣ ይህ ምንድን ነው?"

"ስኒ" አለች።

"ዱቄቱንም የሚሰፍሩት በዚህ ነው?"

"አዎ። ስኒ።"

ስኒ እኛ ቤት ጆሮ የሌላት፣ ቡና የምንጠጣባት፣ ሁለት ሦስቴ ፉት ሲሏት የምታልቅ ናት። እኔ ዱቄቱን፣ ወተቱን፣ ስኳሩን በእሷ ስሰፍር ነው የከረምሁት። እንቁላሉ ግን ያው እንቁላል፣ ማንኪያውም ያው ማንኪያ! ለአንድ እፍኝ ዱቄት የአራት እፍኝ ማስነሻ ስጨምር፣ እንዴት አይገንፍል፣ እንዴት አይምረር? ዶሮዎቼን በከንቱ ነበር ያማኋቸው። እየተንተባተብሁ ነገሩን ሳስረዳት ሲስተር ፊቷ በርበሬ መሰለ፤ ከዚያ ሁለታችንም ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ሳቅን። "ኩባያ" የሚለውን ቃል አስጠናኋት። ስትስት "እንደገና" አልኋት። ስሄድ ኩባያውን ሰጥታ ሸኘችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋገርሁ። ክዳኑን ስከፍተው ዳቦዎቹ አናታቸው አብጦ፣ ቡናማ ሆነው፣ እንዳበጡ ቁጭ ብለዋል። አንዱን በሳህን አድርጌ አባየ ፊት አስቀመጥሁት። ቆንጥረው ቀመሱ፤ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ቆርሰው በሉ። ደግሞ ቆረሱ። ሲጨርሱ ሌላ ሰጠኋቸው፤ ግማሹን በሉና "ተመስገን" አሉ። እንደ ልማዴ ሳህኑን ላነሣ እጄን ስሰድ፣ ጫፉን ያዙት።

"ሳህኑን ማን አንሽው አለሽ?" አሉኝ።

የስኒውን ነገር ነገርኋቸው። ሳቁ ሳል አስነሣባቸው። "ንባቡን አንዲት ቃል ሳታጎድይ ይዘሻል፤ የቀረሽ ትርጓሜው ነበር" አሉ። ይህ የሊቃውንት ሙገሳ ነው፤ እስካሁን አልረሳሁትም። ያን ቀን እስኪመሽ ሦስት በሉ።

ሰኞ ጾሙ ገባ። እፎይታየ አጭር ነበር፤ ሦስት ትንንሽ ዳቦ ለዚያ ሁሉ ሳምንት ምን ስንቅ ይሆናል እያልሁ ስብሰለሰል ከአልጋቸው ጠሩኝ።

"ለፋሲካ የምትጋግሪውን ስኳሩን ቀነስ አድርጊው" አሉ።

"እሽ አባየ።"

"ያን ተማሪም ጥሪልኝ። ሰጠሁህ ያልሁት ማዋሴ ነበር ብለዋል በይው። በጾም ከበሮ የለ፣ ጸናጽል የለ፤ መቋሚያየን ሳልይዝ ምን ተደግፌ ልቆም ነው?"

ተማሪው መቋሚያውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣው። አንድ ቀንም አልቆመበትም ነበር። አባየ ተቀብለው መያዣውን በመዳፋቸው አሻሹት፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ተክለው፣ እኛ ሳንደግፋቸው ቀስ ብለው ተነሡ። እኔ ያን ጊዜ ነው ያለቀስሁ።