ወደ ኮቸሬ ያልወጣው ካሚዮን

በጣሊያን ጊዜ ዲላ ውስጥ፣ የመንገድ ሥራ ቢሮ አስተርጓሚ ነበርኩ። ቋንቋውን የለቀምኩት አባቴ ሱቅ ውስጥ ጨውና ሻማ ስሸጥ ነው። ሰፈርተኛው ፊት ለፊት «ጌታው»፣ ዞር ስል ደግሞ «ባንዳ» ይለኛል። ሁለቱንም እሰማ ነበር፤ ሁለቱንም እንዳልሰማ አልፍ ነበር።

አንድ ቀን የቢሮው ጣሊያናዊ መሐንዲስ ጠራኝ። ከኮቸሬ በኩል ወደ ዲላ ገበያ ስንት ሰው፣ ምን ምን ተሸክሞ እንደሚወርድ ልንቆጥር ነው አለኝ። ቁጥሩ በቂ ከሆነ በየገበያው ዋዜማ ሰውና ሸክም የሚያወርድ አንድ ካሚዮን ይመደባል። ሕዝቡ አንድ ቀን ተኩል በእግሩ የሚለፋበትን መንገድ ካሚዮኑ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ፣ እንደ ወጉ እናቷ ቤት ልትወልድ ኮቸሬ ገብታለች። ሐኪም ያለው ደግሞ ዲላ ብቻ ነው። እኔ ግን አላመንኩም። ቀደም ሲል በዚያው ክረምት ጣሊያኖቹ «ለጨው እደላ ነው» ብለው የአንድ መንደር ወንዶችን አስመዝግበው ነበር፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሳምንቱ የተመዘገበው ሁሉ ድንጋይ ሊፈልጥ ተነዳ። ሁለቱ ሳይመለሱ ቀሩ። የአንዱ ሚስት ገበያ ላይ ባየችኝ ቁጥር መንገድ ትቀይራለች። ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ይባላል፤ እኔ ደግሞ ስንጥሩን አንዴ በእጄ አቅርቤያለሁ።

በዚያው ሳምንት አማቴ ጨው ሊገዙ ወረዱ። በቅሏቸውን ሲጭኑ አገዝኳቸውና ቀስ ብዬ፣ «አባባ፣ በሚመጣው የገበያ ዋዜማ የኮቸሬ መገንጠያ ላይ ሰው ሊቆጥሩ ነው» አልኳቸው።

«ለምን ይሆን?»

«ለካሚዮን ነው ይላሉ።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

ዙሪያዬን ቃኘሁ። «እኔ ብሆን በመንገዱ አልሄድም።»

«ይበቃኛል፣ ልጄ» አሉና ጠፍሩን አጠበቁ። ልጃቸው እንዴት እንደሆነች እንኳ ሳልጠይቃቸው ሄዱ።

በተባለው ቀን መሐንዲሱና እኔ መገንጠያው ላይ ዋርካ ሥር ተቀመጥን። ደብተሩ ጉልበቴ ላይ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ሰረዝ ነበር የማሰምረው። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ያለፉት ዶሮ የያዙ ሦስት ሴቶች፣ አንድ ዓይነ ስውር ከመሪው ጋር፣ ከዚያ አራት የሩቅ አገር ነጋዴዎች ናቸው። መንገዱ ጭር አለ። መሐንዲሱ ሰዓቱን አየ።

ከመንገዱ በታች፣ ከእንሰቱ ውስጥ፣ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ቀጥሎ አህያ አናፋች፤ ሕፃን ማልቀስ ጀመረና አፉ ተያዘ። የኮቸሬ ሰው በሙሉ ቆጮውን፣ ቡናውንና ቀርከሃውን ተሸክሞ፣ ጎንበስ እያለ ከእግራችን ሥር እያለፈ ነበር። መሐንዲሱ ጆሮ እንዳይሰጥ ብዬ፣ አፌ ላይ የመጣልኝን፣ ስለ እናቱ ጠየቅኩት።

ሰውየው ተገረመ፤ ከዚያ ፊቱ በራ። መንደራቸው ተራራ ላይ እንደሆነ፣ አውቶቡስ ከመግባቱ በፊት በሽተኛ የሚወርደው የቤት በር ነቅለው፣ በበሩ ላይ አስተኝተው እንደነበር ነገረኝ። አባቱ እንዲያ ሲወርዱ መንገድ ላይ ነው የሞቱት። «እዚህ ቃሬዛ ተሸክመው ሲመጡ ሳይ አባቴ ትዝ ይለኛል» አለኝ።

ያን ጊዜ የካሚዮኑ ነገር እውነት መሆኑ ገባኝ። ከታች ግን ሰው ገና እያለፈ ነው። ብናገር አማቴ ይታሰራሉ፤ እኔም የት እንደምገባ አላውቅም። ብፈልግስ ያን ሁሉ ሰው ከእንሰቱ ውስጥ ምን ብዬ ልጥራው? ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ስለ እናቱ መጠየቄን ቀጠልኩ።

ማምሻውን ሰረዞቹን ቆጠርን፤ ዘጠኝ ነበሩ። «እንግዲህ ካሚዮን አያስፈልጋቸውም ማለት ነው» አለ፣ ያዘነ መሰለኝ። ካሚዮኑ ለሌላ አቅጣጫ ተመደበ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ቀን እቆጥራለሁ፣ ከኮቸሬ የሚመጣውን መንገደኛ ሁሉ ባለቤቴ ደህና መሆኗን እጠይቃለሁ። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ በአንድ የገበያ ዋዜማ ምጥ ያዛት፤ ልጁም አልወጣ አላት። ካሚዮኑ ተመድቦ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ኮቸሬ ቆሞ ነበር። ወንዶቹ በቃሬዛ አነሷት። እየተፈራረቁ፣ ዝናብ እየደበደባቸው፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዲላ ገቡ። ልጁ ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር። እሷን ሐኪሙ አተረፋት።

በሦስተኛው ቀን ቀና ብላ ተቀመጠች። የተሸከሟት ሰዎች መንገድ ላይ ሲያወሩ ሰምታ ኖሯል።

«ካሚዮን ሊመጣልን ነበር አሉ። ሰዉን በእንሰት ውስጥ ያሳለፈው ማን ነው?»

አማቴ ከራስጌዋ ቆመው ነበር። እኔ የውኃ ጣሳ ይዣለሁ። ቀና ብለው አዩኝና ዓይናቸውን መልሰው ወደ እሷ አደረጉ።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሏት። «ጣሊያንን አላመንኩም። ማንም አልነገረኝ፣ በራሴ ነው።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ጣሳውን አጠገቧ አስቀመጥኩ።

ጣሊያን ወጣ፣ ሌሎች ልጆች ወለድን። እሷ ግን አባቷ እስኪሞቱ ድረስ ቤታቸውን አልረገጠችም። እሳቸው በየዓመቱ ለፋሲካ ነጭ ማር ይልኩልን ነበር። እሷ አትነካውም። እኔ እበላ ነበር።