ንጹህ ነው ያልኩት እጅ

ወርቂቱ የሟች ወንድሜ ሚስት ናት። በአሪቻ በቡና ለቀማ እጇን የሚስተካከል አላየሁም፤ ሌላው አንድ ቅርንጫፍ ሳይጨርስ እሷ ዛፉን አራግፋ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ሦስት ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገችው በእነዚያ ጣቶች ነው። ምላሷም ከጣቷ አያንስም። የስኳር በሽታ እንዳለባት በተነገራት ዕለት እኛ አለቀስን፤ እሷ ግን «ዕድሜዬን ሙሉ ቡናዬን በጨው ስጠጣ ኖሬ ስኳሩ ከየት ገባ?» ብላ ሐኪሞቹን አሳቀቻቸው።

የኢንሱሊን መርፌዋን ራሷ ትወጋለች። ማንበብ ግን አትችልም። እኔ ፊደል የለየሁት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ ማንም ሳያስተምረኝ፣ ከመዝሙር መጽሐፍ ላይ ነው። ስለዚህ የስኳር መለኪያውን ቁጥር ማንበብና በደብተር መመዝገብ የእኔ ሥራ ሆነ። አንድም ቀን አልዘለልኩም።

ቀድሞ የምትለካው ጤና ኬላ ሄዳ ነበር። እዚያ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መሰረት ጣቷን አጥባ፣ አድርቃ፣ ከዚያ ትወጋታለች። ዘንድሮ መለኪያው ቤታችን ገባ። ዲላ ያለችው ዶክተር ኑሰይባ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ትደውላለች፤ ቁጥሩን እነግራታለሁ፤ የመርፌውን መጠን ትነግረናለች። ለሐኪም እስከ ዲላ በመኪና መንገላታት ቀረልን። እግዚአብሔር ይስጣት አልን።

ለቀማ በገባ በሳምንቱ ቁጥሩ መውጣት ጀመረ።

ወርቂቱ ጎህ ሲቀድ ቁርስ ሳትቀምስ ወደ ቡናው ትወርድና ለስልኩ ሰዓት ትመለሳለች። ውሃ ከሩቅ የሚቀዳ ነው፤ ጣቷን በእንሰት ቅጠል ጠረግ አድርጋ ትወጋለች። የመጀመሪያው ቀን ሁለት መቶ አርባ አነበብኩ።

«አባባ፣ እጃቸው ንጹህ ነው?» አለች ዶክተሯ።

የወርቂቱን እጅ ገልብጬ አየሁት። ጭቃ የለበትም። እበት የለበትም።

«ንጹህ ነው» አልኩ።

መርፌዋ ከአሥራ አራት ወደ አሥራ ስምንት ዩኒት ከፍ አለ። በአራተኛው ቀን ሁለት መቶ ዘጠና ሆነ፤ ሃያ ሁለት ገባን። ወርቂቱ ግን እየከሳች፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ በብርዱ እያላባት ሄደ።

«ጋሼ፣ ጉልበቴን ሰው የሰረቀኝ ይመስለኛል።»

«ስኳሩ ከፍ ብሎ ነው። ቁጥሩ ይኸው።»

«ቁጥሩ መጥቶ እንዴት ነሽ ብሎ ጠይቆኛል?»

«ቁጥር አይዋሽም» አልኳት። በእርጅናው የተማረ ሰው በጻፈው ነገር ላይ እምነቱ ጽኑ ነው።

በዚያው ሰሞን ደብተሩን ስከፍት ገጾቹ ተጣብቀው አገኘኋቸው። ትንንሽ ጉንዳኖች በቁጥሮቼ ላይ ተሰልፈዋል። በእኛ አገር ስኳር የያዘውን ሰው ጉንዳን ከሐኪም ቀድሞ ያውቀዋል ይባላል፤ ሽንቱን ይከባል። አሁን ደግሞ እስከ ስሟ ድረስ መጣ ብዬ ፈራሁ። ለእሷ አልነገርኳትም። ጉንዳኖቹን አራግፌ ደብተሩን ከፍ ካለ ቦታ አስቀመጥኩት። በማግስቱ እዚያም ወጥተው ጠበቁኝ።

ሐሙስ ዕለት ሦስት መቶ ሠላሳ አንድ ሆነ። «አራት እንጨምር፤ ቁርስ ግን በደንብ ይብሉ» አለች ዶክተሯ። ወርቂቱ ሃያ ስድስቱን ወጋች። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ዝናብ ቡናውን ሳያረግፈው ብላ አንድ ጉርሻ ቆጮ ቀምሳ ቅርጫቷን ይዛ ወጣች።

እኔ ቁጥሩን ልጽፍ ተቀመጥኩ። ያን ዕለት ጠዋት እኔም ከጓሮ ጥቂት እሸት ቡና ለቅሜ ነበር። አንዲት ጉንዳን ከገጹ ላይ ተነሥታ አውራ ጣቴ ላይ ወጣች። ሌላዋ ተከተለቻት። እኔ ስኳር የለብኝም።

ጣቴን ወደ አፌ አስጠጋሁት። ይጣፍጣል።

የመለኪያውን መርፌ አንሥቼ የራሴን ጣት ወጋሁ። ሁለት መቶ ሰባ ስድስት። በሳሙናና በውሃ ታጥቤ፣ አድርቄ፣ እንደገና ወጋሁ። ዘጠና አራት።

የእሸት ቡና ጭማቂ ለእኛ ቆሻሻ ሆኖ አያውቅም። እንጀራችን ነው። «ንጹህ ነው» ብዬ ነበር፤ አልዋሸሁም።

መርፌው ከልክ ሲያልፍ የደሟን ስኳር አሟጦ እንደሚጥላት መሰረት ነግራን ነበር። ዲላ ደወልኩ፤ መስመሩ ተይዟል። ስኳር በወረቀት ጠቅልዬ፣ ውሃ ይዤ፣ በምርኩዜ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ወርቂቱ ዛፍ ተደግፋ ተቀምጣለች። ቅርጫቷ ተደፍቷል። ልብሷ በላብ ርሷል። ስታየኝ በሟች ወንድሜ ስም ጠራችኝ፤ «ቆየህብኝ እኮ» አለችኝ።

ስኳሩን በውሃ በጥብጬ በትንሽ በትንሹ አጠጣኋት። ግማሹ በአገጯ ፈሰሰ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ ዓይኗ ቀስ ብሎ እኔ ላይ ቆመ።

«ጋሼ... ስኳር ነው የምታጠጣኝ? ልትገድለኝ ነው?»

ያኔ ስልኩ ጮኸ። ዶክተር ኑሰይባ ናት። ሁሉንም ነገርኳት።

«አባባ፣ ሌላውም ሰው ለቀማ ላይ ነው?»

«በዚህ ወር ለቀማ ያልወጣ ማን አለ፣ ልጄ?»

ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። «ሬኮ ቀበሌ... ዛሬ ጠዋት ለሦስት ሰው መርፌ ጨምሬአለሁ» አለች፤ ድምጿ የሌላ ሰው መሰለኝ።

የእኔን መስመር ሳትዘጋ በሌላ ስልክ ወደ ሬኮ ደወለች። በስፒከር ነው መሰል፣ ጥሪው እስከ እኔ ይሰማል። ወርቂቱ በሚያጣብቅ እጇ እጄን ይዛለች፤ ሁለታችንም እናዳምጣለን። ይጠራል። ይጠራል። የሚያነሣው የለም።