ከሰዓት በኋላ የማይበራው መብራት

አብነት ሰፈር ራዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። እኛ ጠጋኞች አንድ ትዕቢት አለብን፤ ከገበያ የመጣ አዲስ ዕቃ ሁሉ ፎርጅድ ነው ብለን ከሞተ ማጫወቻ የነቀልነውን እናምናለን። ብዙ ጊዜ እውነታችንን ነው። ያን ጊዜ ግን አልነበረም።

በምኖርበት ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ አንዲት እናት ይኖራሉ። በጎልማሳነታቸው ታመው ጆሯቸው ጠፋ፤ ሰው ሲያወራ ከንፈር አይተው ይረዳሉ። የበራቸውን መጥሪያ ሰው ሲጫነው ሳሎን ግድግዳ ላይ ቀይ መብራት የሚያበራ ሳጥን ሠራሁላቸው። መብራቱን የምታበራውን ትራንዚስተር ከሱቅ አዲስ መግዛት ስችል፣ ከአሮጌ ቴፕ ነቅዬ በየድኳት። እሳቸው መረቁኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

ከወር በኋላ ደረጃ ላይ ያዙኝ። «ልጄ፣ ከሰዓት በኋላ አንዳንዴ አይበራም መሰለኝ። ጎረቤቴ ደውዬ ነበር ትለኛለች።»

በነጋታው ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ጎራ አልኩ። አሥር ጊዜ ተጫንኩ፣ አሥር ጊዜ በራ። ቸኩያለሁ፤ ደግሞ ሥራዬ ሲነካ ያንገበግበኛል። «እትዬ፣ ዕቃው ጤነኛ ነው። እርስዎ ነዎት የማያዩት» አልኳቸው። «ይሆናል» አሉ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ታናሽ ወንድማቸው በአባታቸው ቤት ምክንያት ዓመታት አኩርፏቸው ኖሯል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሊታረቅ ከወልቂጤ መጣ። ደጋግሞ ደወለ። ጎረቤትየዋ «ውስጥ ናቸው» አለችው። በሯን ዘጋችብኝ ብሎ ተመለሰ።

ይህን የነገረችኝ ያቺው ጎረቤት ናት። እሑድ ከሰዓት ላጽናናቸው ወጣሁ። በሩን ገርበብ አድርገውታል። ወንበራቸውን ከመስኮቱ አዙረው፣ የጀመሩትን ሹራብ ጥለው፣ መብራቱ ፊት ተቀምጠዋል።

«ከእንግዲህ ከመብራቱ ዓይኔን አልነቅልም» አሉኝ። «ወንድሜን በዓይኔ ጥፋት አሳዘንኩት።»

ወጥቼ መጥሪያውን ተጫንኩ። ስመለስ ዓይናቸው እዚያው ነው።

«በራ?»

«አልበራም» አሉና ፈራ ተባ ብለው፣ «ወይስ አላየሁም?»

 ሳጥኑን ስነካው የከሰዓት ፀሐይ መትቶት ይፋጃል። ከፈትኩትና ትራንዚስተሯን አልኮል በነካ ጥጥ አቀዘቀዝኳት። ጎረቤትየዋን ጠርቼ ከውጭ ስትጫን መብራቱ በራ፤ ትራንዚስተሯ ትንሽ ቆይታ ስትሞቅ ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ብለውኝ ነበር እኮ! ብልሽቱን ራሳቸው አግኝተው ነግረውኝ፣ እኔ ጎበዙ በጠዋት ብርድ ሄጄ ፈተንኩ።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከንፈሬን አዩና «ድገመው፤ ደህና አላየሁም» አሉ።

ደገምኩት። አሁንም ድገመው አሉኝ። ሦስተኛው ላይ ስልካቸውን አንስተው ወደ ወንድማቸው ደወሉና ሰጡኝ። «ለእሱ ንገረው።»

ሁሉንም ነገርኩት፤ ከአሮጌ ቴፕ መንቀሌን፣ በእሳቸው ዓይን ማላከኬን።  ሰውየው «ታዲያ እህቴ በሯን አልዘጋችብኝም?» ሲል ድምፁ ተሰበረ።

እትዬ ይህን አልሰሙም፤ የሚያዩት የእኔን ከንፈር ብቻ ነው። ከንፈሬን እንዲያዩ ወደ እሳቸው ዞርኩና ቀስ ብዬ ወንድማቸውን «እህትዎ በራቸውን አልዘጉብዎትም» አልኩት።

ድገመው አላሉኝም።