አደም ያልሰረቀው ናፍጣ

ይህን ለባሌ አልነገርኩትም። ለንስሐ አባቴም ሐሜቴን፣ ቁጣዬን ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ለእናንተ መናገር የቻልኩት ለዚህ ይሆናል። እኔ አንድ ሰው ሌባ እንዳልሆነ በዓይኔ አይቼ ሌባ አሰኝቼዋለሁ።

አሶሳ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የተሽከርካሪ ስምሪት ሠራተኛ ነበርኩ። መኪና ሲወጣ የምፈርመው፣ ናፍጣ የምፈቅደው እኔ ነበርኩ። አደም የሚባል ሾፌር ነበረን፤ የበርታ ሰው፣ በዕድሜ አባቴን የሚያክል። የሚነዳው ደብል ጋቢና ፒካፕ ነው። በእኛ አሠራር ፒካፕ በአንድ ሊትር አሥር ኪሎ ሜትር መሄድ አለበት። የአደም መኪና ግን በሸርቆሌ በኩል ወደ ገጠር ቀበሌዎች በወጣ ቁጥር ከተፈቀደለት በላይ ይበላል።

ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ «ጭቃ ነው ቢንቲ» ይለኛል፤ ልጄ ማለቱ ነው። «ክረምት ጎማ ይሽከረከራል፣ መኪና አይሄድም። ናፍጣ ግን ይሄዳል።»

አላመንኩትም። ለምን? ሾፌር ሁሉ ናፍጣ እየቀዳ ይሸጣል የሚለውን ወሬ ስሰማ ስለኖርኩ ነው? ወይስ አማርኛው ስለሚሰባበር የሚናገረውም ጎዶሎ መሰለኝ? ሁለተኛው ይመስለኛል፤ ስጽፈው አፍራለሁ። እኔ የሰፋሪ ልጅ ነኝ። ወላጆቼ ከወሎ ሲመጡ ውኃው የት እንዳለ ያሳዩአቸው የአደም ወገኖች ነበሩ። ይህን እያወቅኩ ናፍጣ ይሸጣል ብዬ ጻፍኩበት፤ ፈረምኩበት።

ነገሩ በመንገድ ሙከራ እንዲጣራ ተወሰነና አብሬው እንድሄድ ታዘዝኩ። ታንከሩን እስከ አፉ ሞልተን መጀመሪያ በአስፋልቱ ባምባሲ ደርሰን ተመለስን። መልሰን ስንሞላ በሊትር አሥር፣ እንዲያውም ትንሽ ተርፎ ተገኘ። በማግስቱ ምርጥ ዘር ጭነን በሸርቆሌ በኩል ወደ ውስጥ ገባን። ጭቃው ጎማውን እስከ ግማሽ ዋጠው። አደም የአራቱንም ጎማ ማርሽ አስገብቶ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እያጓራ ይጎትታል። አንዲት ዳገት ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀችብን። ጫማውን አውልቆ ከጎማው ሥር ድንጋይ ሲደረድር እኔ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ አየው ነበር።

ተመልሰን ስንሞላ በሊትር ስድስት እንኳ በቅጡ አልወጣም። አደም ሳቀ። «አየህ ቢንቲ?» አለኝ። ሲደሰት አንተና አንቺ ይምታታበታል።

«አየሁ» አልኩት።

አየሁ። አይቼስ ምን አደረግኩ? ቢሮ ገብቼ የባምባሲውን ብቻ ጻፍኩ። የጭቃውን መንገድ ተውኩት፤ መኪናው በሊትር አሥር ከሄደ ትርፉን ናፍጣ አደም ሸጦታል ማለት ሆነ። የጻፍኩት ቁጥር ውሸት አልነበረም፤ ሥራዬን ይበልጥ የሚያስጠላው ይኸው ነው። ክሱ ላይ ፊርማዬ አለ፤ ኃላፊዬም በስብሰባ ላይ ንቁ ሠራተኛ ብሎ አመስግኖኛል። ተሳስቻለሁ ማለት አቃተኝ። አቃተኝ ማለትም ራስን ማባበል ነው፤ አልፈለግኩም።

አደም የእጅ ጽሑፍ አያነብም። ወረቀቱን ስሰጠው ምን ይላል ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። «አንቺ አብሮኝ ነበረ» ብሎ ፈረመ።

በሳምንቱ ከሥራ ተሰናበተ። ከተማችን ትንሽ ናት፤ የናፍጣ ሌባ ለተባለ ሰው መኪናውን የሚሰጥ አልተገኘም። ወርቅ ቁፋሮ ገባ ሲሉ ሰማሁ። በእሱ ቦታ ለመጣው ሾፌር ግን ያው መንገድ ሲደርሰው እኔው ራሴ በሊትር ስድስት አስልቼ ፈቀድኩለት። ማንም ለምን አላለኝም።

ባለፈው ዓመት ገበያ ውስጥ አገኘሁት። ከስቷል፤ አንድ እግሩንም ያነክሳል። አይቼው ልሸሽ ስል ቀድሞ ጠራኝ። ጤንነቴን ጠየቀኝ፣ ልጆቼን ጠየቀኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቢንቲ፣ እኔ አንቺ ላይ ቅሬታ የለም» አለኝ። «አንቺ እውነት ጻፈ። ትልልቆቹ ወረቀት ቀየሩ። እኔ ያውቃል።»

እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። እኔ ነኝ፤ በቃ። እኔ ግን ምን አልኩ?

«አዎ ጋሽ አደም፤ እነሱ ናቸው የቀየሩት።»

እጄን በሁለት እጁ ይዞ መረቀኝ።

ለመጀመሪያው በደሌ ልጅነቴን፣ ኃላፊዬን፣ እንጀራዬን ላሳብብ እችል ይሆናል። ለሁለተኛው ምንም የለኝም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው እዚሁ አሶሳ አለ። ቤቱን አውቀዋለሁ። እስከ ዛሬ አልሄድኩም።