ከታመሙት ፈረሶች ጋር የቀረው ሰው

ጋሽ ሕዝቅያስ ናይሮቢ ዳር፣ ከሩንዳ አለፍ ብሎ ባለ የፈረስ እርሻ አሥራ ሦስት ዓመት ሠርቷል። እኔ እዚያው ወጥ ቤት ነኝ። በግቢው አማርኛ የምንችለው ሁለታችን ብቻ ስለሆንን ምሳ አብረን እንበላ ነበር፤ ብዙ ግን አናወራም። ሞጆ ጋሪ ይነዳ እንደነበር፣ በሞያሌ በኩል እንደመጣ፣ ሚስቱ መንገድ ላይ ትታው እንደቀረች አውቃለሁ። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁትም፤ እሱም የእኔን አልጠየቀኝም።

ከአሥራ አንዱ ፈረሶች አንዱን አስበልጦ ይወድ ነበር። አሠሪዎቻችን ረጅም የእንግሊዝኛ ስም አውጥተውለታል፤ እሱ ግን በመልኩ ዳማ ይለዋል። ልጆች ግልቢያ የሚማሩበት ያረጀ ፈረስ ነው። ጠዋት ጠዋት ጋማውን እያበጠረ ሲያወራው እሰማለሁ። አንድ ቀን፣ "ምን ትለዋለህ?" ብለው፣

"ወጥሽን አማዋለሁ" አለኝ።

ባለፈው ሰኔ አዲስ ከመጣች ፈረስ በሽታ ገባ። ትኩሳት፣ ከአፍንጫ ቢጫ ንፍጥ፣ ከመንጋጋ ሥር እንቁላል የሚያህል እብጠት። የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ናሊያካ በውሃም በዕቃም በእጅም ይተላለፋል አለች። የታመሙት አራቱ ታች ወዳለው አሮጌ ጋጥ ተለዩ። እነሱን የሚያስታምም ሰው ወደ ጤነኞቹ አይሻገርም፤ ባልዲውም ብሩሹም ቦቲውም ለብቻ ነው። እብጠት ማጠብና መግል ማውጣት የሚችለው እሱ ስለነበር ጋሽ ሕዝቅያስ ፍራሹን ይዞ ወረደ። ዳማ ገና ጤነኛ ነበርና ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ምሳውን አጥሩ ሥር አስቀምጥለታለሁ። እኔ ዞር ስል መጥቶ ይወስዳል። ከሩቅ የሚጠይቀኝ ሁሌ አንድ ነው።

"ዳማ በላ?"

"በላ።"

"ውሃስ?"

"ጠጣ። ወጤን የሚያማለት ሰው ብቻ ነው ያጣው።"

በሁለተኛው እሑድ ጠበል አምጪልኝ አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ በትንሽ ጀሪካን ቀድቼ በማታቱ ታክሲ አመጣሁለት። አማትቦ መጀመሪያ ራሱ በቆርቆሮ ኩባያው ጠጣ። ከዚያ አራቱንም ግንባራቸውን እየረጨ በዚያው ኩባያ አጠጣቸው። በመጨረሻ ኩባያውን ሞልቶ በአጥሩ ላይ አቀበለኝ።

"ለዳማም አድርሺለት።"

ቦቲውን በመድኃኒት ሳያጥብ የማይራመድ ሰው ነው። እኔም ሳህኑን በፈላ ውሃ ሳልዘፈዝፍ አላነሳም ነበር። ግን ሁለታችንም ጠበል ከአንድ ኩባያ እየተቀባበልን ነው ያደግነው። ጠበል በሽታ ያወጣል እንጂ ያስገባል ብሎ ማን ያስባል? ወስጄ አጠጣሁት።

በስምንተኛው ቀን ዳማ መኖውን ተወ። ዶክተሯ መንጋጋውን ዳሰሰችና ከታች ወደ ላይ የተሻገረ ዕቃ እንዳለ ጠየቀች። ባልዲ? ብሩሽ? ጋሽ ሕዝቅያስ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ፣

"ኩባያ። እኔ ነኝ የሰጠሁት" አለ በስዋሂሊ። ስሜን አላነሳም።

"ፖሌ፣ ሙዜ" አለችው። አይዞህ፣ ሽማግሌው እንደማለት ነው። አልተቆጣችም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር መሰለኝ።

ዳማን ወደ እሱ አወረዱት። የአራቱ እብጠት ፈርጦ ዳኑ። የዳማ ግን ወደ ውስጥ አብጦ ትንፋሹን ዘጋው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዶክተሯ ሌላ ተስፋ የለም ብላ በመርፌ አሳረፈችው። ጋሽ ሕዝቅያስ ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ይዞት ነበር። ከላይ ቆሜ አየሁ፤ መውረድ ክልክል ነው።

ነሐሴ ላይ ፈረሶቹ ሁሉ ተመርምረው ነጻ ሆኑ። ጋሽ ሕዝቅያስም ወደ ክፍሉ እንዲመለስ ተነገረው። እሱ ግን የታችኛው ጋጥ ጠባቂ ያስፈልገዋል አለ። አሠሪዎቻችን እንዳሻህ አሉት።

ሳህኑን ይዤ ሄድኩ። "ጋሽ ሕዝቅያስ፣ አልቋል እኮ። ና ምሳ እንብላ።"

"እዚያው አስቀምጪው።"

"እስከ መቼ?"

"እዚህ ከሆንኩ ከእኔ እጅ ማንም ምንም አይወስድም። ተይኝ።"

"ያጠጣሁት እኮ እኔ ነኝ" አልኩት። እስከዚያ ቀን አላልኩትም ነበር።

"አውቃለሁ" አለ። ሳህኑን አንስቶ ገባ።

አሁን ምሳዬን ወጥ ቤት ቆሜ እበላለሁ። ለአንድ ሰው ተብሎ ጠረጴዛ አይጠረግም።